የርዕሰ መምህርነት ብቃት ሥልጠና፦ ሰዓቱ ሞልቶ ልምምዱ የጎደለበት

በመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለመሆን ጎበዝ አስተማሪነትና የአገልግሎት ዘመን ብቻ ይበቁ የነበረበት ጊዜ በብዙ አገሮች አልፏል። ዛሬ ከምደባው በፊት ወይም ምደባው በተሰጠ ማግሥት የብቃት ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ወይም በየአምስት ዓመቱ የሚቆጠር የሙያ ማሻሻያ ሰዓት ይጠየቃል። ምክትል ርዕሰ መምህር ሳለሁ ይህንኑ የብቃት ሥልጠና ወስጄ አጠናቅቄአለሁ፤ ርዕሰ መምህር ከሆንኩ በኋላም የእድሳቱን ሰዓት ሳሟላ ቆይቻለሁ። እዚህ የምገመግመው ያንን አገልግሎት ነው። የሰጠውን ተቋም በስም አልጠራም፤ የሌሎች አገሮችን መመዘኛ እያነበብኩ ሳነጻጽር፣ ያየሁት ጥንካሬም ሆነ ድክመት የዚህ ዓይነቱ ሥልጠና የጋራ ጠባይ እንጂ የአንድ ተቋም ብቻ ሆኖ አላገኘሁትምና።

መርሐ ግብሩ ሁለት የትምህርት ክፍሎችና በመካከላቸው የሚገባ ተግባራዊ ልምምድ ነበረው። አደረጃጀቱ በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ከሚሠራበት ጋር ይቀራረባል፤ በዚያ ርዕሰ መምህር ወይም ምክትል መሆን የሚፈልግ ሰው እያንዳንዳቸው 125 ሰዓት የሚወስዱ ሁለት ክፍሎችን ይማራል፣ በመካከሉም ቢያንስ 60 ሰዓት የሚፈጅ የአመራር ልምምድ ያካሂዳል። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪና ቢያንስ አምስት ዓመት በአጥጋቢ ሁኔታ ማስተማር ከሚጠየቁት መካከል ናቸው። ፊንላንድ ደግሞ የማስተርስ ዲግሪ፣ የመምህርነት ብቃት፣ በቂ የማስተማር ልምድና የትምህርት አስተዳደር ምስክር ወረቀት ወይም 25 ክሬዲት የሚሆን የትምህርት አመራር ጥናት ትጠይቃለች። ስዊድን ነገሩን ገልብጣ ሰውየውን መጀመሪያ ቀጥራ ኋላ ታሠለጥነዋለች፦ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አዲስ የተቀጠረ ርዕሰ መምህር በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀውን ሥልጠና በተቻለ ፍጥነት ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ መጨረስ አለበት፤ ሥልጠናውም እያንዳንዳቸው 10 ክሬዲት የሚይዙ ሦስት ኮርሶች ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ሕግንና የመንግሥት ሥልጣን አጠቃቀምን ይመለከታል።

የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ተራ የአሠራር ልዩነት አይደለም። ቀድሞ የሚሠለጥን ሰው የሚማረውን የሚያገናኝበት ጉዳይ ገና እጁ ላይ የለም፤ ጠዋት የተማረውን ከሰዓት በኋላ ሞክሮ ማግሥቱን ጥያቄ ይዞ አይመለስም። ተቀጥሮ የሚሠለጥነው ደግሞ ጥያቄው እስኪበዛበት ድረስ አለው፤ ጊዜ ግን የለውም፤ ሥልጠናው ላይ ተቀምጦ ስልኩ የሚጠራው ሁልጊዜ እሱ ነው። ምክትል ሆኜ መውሰዴ በዚህ ረገድ የተሻለው መካከለኛ መንገድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የመምህራንን ምደባም ሆነ የተማሪዎችን ቅሬታ በከፊል እይዝ ስለነበር፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የእኔ ስላልነበረ፣ የሚነገረኝን የምለካበት ነገር ነበረኝ፤ ለማሰብም ፋታ አላጣሁም። ምርጫ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ቢወስደው እመክራለሁ።

ወደ ይዘቱ ስገባ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሕግን፣ በጀትን፣ የሰው ኃይል አስተዳደርንና የትምህርት ቤት ዕቅድን ያጠቃለለ ነበር። ከነዚህ ውስጥ ያለ ምንም ማቅማማት የማመሰግነው የሕጉን ነው። አሠልጣኙ አንቀጽ በአንቀጽ እያነበበ አላሰለቸንም፤ ስም የተለወጠባቸው እውነተኛ የዲሲፕሊን ፋይሎችን እየሰጠ፣ ውሳኔው ይግባኝ ቢባልበት ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለውን እንድንፈርድ አደረገን። ከፋይሎቹ አንዱ ዛሬም ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም። ተማሪው በድብድብ ምክንያት ታግዷል፤ የምስክሮች ቃል በሚገባ ተወስዷል፤ የቅጣቱ ደረጃም ከመመሪያው ጋር ይስማማል። ሁላችንም ውሳኔው ይጸናል አልን። አሠልጣኙ ቃለ ጉባኤውን እንደገና እንድናነብ ጠየቀን፤ ለካ የእግድ ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን የተማሪው ወላጅ ተጠርታ ከተሰማችበት ቀን በአንድ ቀን ይቀድማል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የተደረገ መስማት እንደ መስማት እንደማይቆጠር ከዚያ በኋላ ለማንም መንገር አላስፈለገውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ደብዳቤ ከመፈረሜ በፊት መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው።

በጀቱም እንዲሁ ደህና ነበር። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ልምምድ፣ በተለይም ሁለት ትምህርት ቤት የሚጋሩት የፊዚክስ መምህርና አንድ ብቻ የሆነ ቤተ ሙከራ ያለበት ትምህርት ቤት፣ ከወረቀት ላይ ጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር ነበረው። የሰው ኃይል አስተዳደሩ ግን ቅጽ መሙላት ከማስተማር አላለፈም።

ከዚያ የአመራር ንድፈ ሐሳብ የሚባለው መጣ። ለውጥ አምጪ አመራር፣ የተከፋፈለ አመራር፣ አገልጋይ አመራር፣ እንደየሁኔታው የሚቀያየር አመራር፤ በስላይድ ላይ በሣጥን በሣጥን የተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው መቼ እንደተነሡ፣ ማን እንዳነሣቸውና ባሕርያቸው ስንት እንደሆነ የሚሸመደዱ ናቸው። እነዚህ ሐሳቦች ዋጋ የላቸውም አልልም፤ ሰው የገዛ ጠባዩን በውጭ ዓይን እንዲያይ ይረዳሉ። ነገር ግን መርሐ ግብሩ ከፍተኛውን የክፍል ሰዓት የሰጠው ለዚህ መሆኑ ሚዛን የሳተ ነው። የፈተናው ጥያቄም እንደዚያው ነበር፦ የአገልጋይ አመራርን መገለጫዎች ዘርዝር። መገለጫዎቹን አሳምሮ የዘረዘረ ሠልጣኝ ሰኞ ጠዋት በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድን መምህር በሰው ፊት ሲያዋርድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። (ከክፍላችን ከፍተኛውን ውጤት ያመጣው ሰው ከአሠልጣኞች በስተቀር ማንንም ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም፤ ይህን የምለው ለሐሜት ሳይሆን ፈተናው ምን እንደሚለካ ለማሳየት ነው።)

የሥልጠናው እምብርት፣ ለሌላውም ሁሉ ማካካሻ የሆነኝ፣ በሁለተኛው ክፍል የመጣው የክፍል ምልከታና የግብረ መልስ ውይይት ነው። የመጀመሪያው ቀን የተቀረጸ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በቪዲዮ አሳዩንና ያየነውን እንድንጽፍ አዘዙን። ብዙዎቻችን የጻፍነው «መምህሩ ክፍሉን በሚገባ ይቆጣጠራል»፣ «የተማሪዎች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው»፣ «ዝግጅቱ ጥሩ ነው» የሚል ነበር። አሠልጣኟ ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ ከመካከላቸው አንድም የታየ ነገር እንደሌለ፣ ሁሉም ፍርድ እንደሆነ ነገረችን፤ ቪዲዮውንም ከመጀመሪያው መልሳ ከፍታ የታየውንና የተሰማውን ብቻ እንድንጽፍ አደረገች። ሁለተኛው ወረቀት ፈጽሞ ሌላ ነበር። መምህሩ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ራሱ ይመልሳል፤ እጅ ያወጡት በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች ናቸው፤ በኋላ ረድፍ ያለችው ልጅ ምሳሌውን ጨርሳ ገልብጣ ሌላ ደብተር አውጥታለች፤ መምህሩ «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል፤ ወዲያው በተሰጠው የክፍል ሥራ ላይ ግን አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ቀመሩን አዛብተው ተጠቅመውበታል። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ እንደሆነ፣ ይህን ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ማድረግ ብቻውን የተማሪዎችን መልስ እንደሚያረዝመውና እንደሚያሻሽለው ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነገር ነው፤ እኛ ግን ሰከንዱን ለመቁጠር መጀመሪያ ከፍርድ መላቀቅ ነበረብን።

ከዚያ የመጣው ውይይቱ ነው። ተቋሙ ለዚህ ፈቃደኛ የሆኑ እውነተኛ መምህራንን ጋብዞ ነበር፤ እርስ በርሳችን እንድንተዋወን አላደረጉንም፣ ይህም ትልቅ ብልህነት ነው፤ ባልደረባ ለባልደረባ ይራራል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የመምህሩን ክፍለ ጊዜ ከተመለከተ በኋላ፣ ሌሎቹ ሠልጣኞችና አሠልጣኟ እየሰሙ፣ ከመምህሩ ጋር ይወያያል። ሕጉ ሦስት ነገር ነው፦ በመጀመሪያ የታየውን ብቻ መናገር፣ ቀጥሎ መምህሩ እንዴት እንዳየው መጠየቅና ዝም ብሎ መስማት፣ በመጨረሻም በሚቀጥለው ሳምንት የሚሞከር አንድ ነገር ላይ መስማማት። አንድ ነገር ብቻ። አብዛኞቻችን የተሰናከልነው በዝምታው ላይ ነው። መምህሩ መልስ ሲያስብ ያለችውን ጸጥታ መቋቋም ያቅተንና ምክር እናዘንባለን፤ ያኔ አሠልጣኟ እጇን ከፍ አድርጋ ታስቆመንና ካቆምንበት ሳይሆን ከጥያቄው እንደገና እንድንጀምር ታደርገናለች። አንድ ሠልጣኝ ጠቃሚ ያላቸውን በርካታ አስተያየቶች በተከታታይ ከሰጠ በኋላ መምህርቷ ከሁሉም የትኛውን እንደምታስታውስ ስትጠየቅ፣ «ሰሌዳው ላይ ጽሑፌ ትንሽ ነው ብሎኛል» አለች። ከሁሉም የሚያንሰው እሱ ነበር።

ይህ ክፍል ለምን ከሌላው ሁሉ እንደሚበልጥ የሚያስረዳ የጥናት ውጤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ የበርካታ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ የርዕሰ መምህራን ተግባራት በተማሪዎች ውጤት ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ በአምስት ዘርፍ ለይቶ ሲለካ፣ ከሁሉም ጎልቶ የወጣው በመምህራን ትምህርትና ዕድገት ውስጥ ራስን ማስገባትና ያንኑ ማበረታታት ነበር፤ የተጽዕኖው መጠን (የተለያዩ ጥናቶችን ውጤት ለማነጻጸር የሚያገለግል የስታቲስቲክስ መለኪያ) 0.84 ሲሆን፣ ግብ ማስቀመጥም ሆነ ሀብት መመደብ የዚህን ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው ያስመዘገቡት። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ከመምህሩ ጋር ስለ ማስተማር ቁጭ ብሎ መነጋገር መቻሉ የሥራው ዋና አካል ሆኖ ሳለ፣ በመርሐ ግብሩ ውስጥ የተመደበለት ጊዜ ግን ከንድፈ ሐሳቡ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሁለት ዙር ብቻ ደረሰኝ፤ የመጀመሪያው ስህተቴን ለማወቅ፣ ሁለተኛው ስህተቴን ለመቀነስ ነው የዋለው። ሦስተኛው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ሙያው ይጀመር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የገባው ተግባራዊ ልምምድ በወረቀት ላይ ሲነበብ እጅግ ያማረ ነው፦ ሠልጣኙ ልምድ ባለው ርዕሰ መምህር ሥር ሆኖ አንድ የትምህርት ቤት ችግር ለይቶ፣ መረጃ ሰብስቦ፣ መምህራንን አስተባብሮ መፍትሔ ይሞክራል። በተግባር ግን የልምምዱ ጥራት የተመካው በተቀባዩ ርዕሰ መምህር በጎ ፈቃድና ትርፍ ጊዜ ላይ ብቻ ነው። እኔን የተቀበሉኝ ሰው ጨዋና ሥራቸውን አክባሪ ነበሩ፤ ነገር ግን ተቋሙ ከእሳቸው ምን እንደሚጠብቅ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ በስተቀር የነገራቸው የለም፤ የተሰጣቸው የአማካሪነት ሥልጠናም ሆነ ከመደበኛ ሥራቸው የተቀነሰ ሰዓት አልነበረም። ስለዚህ የተረፈኝ ሥራ ያው የተለመደው ነበር፦ ጠዋት በር ላይ ቆሞ አርፋጅ መመዝገብ፣ የመምህራንን መቅሪያ ሰሌዳ ማየት፣ ደብዳቤ ማርቀቅ። ያቀድኩት ፕሮጀክት የንባብ ውጤትን የሚመለከት ነበር፤ መረጃውን ሰብስቤ ሳበቃ የልምምዱ ሰዓት አለቀ፤ መፍትሔው የተሞከረው በሪፖርቴ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ «ወደፊት ሊደረግ የሚገባው» በሚል ርዕስ ሥር ነው። ከተቋሙ የመጣ ተቆጣጣሪ አንድ ጊዜ ጎበኘኝ፤ ያየውም መፈረሚያ ቅጹን ነው።

ይህ መሆን ያለበት ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ ሌሎች ያሳዩናል። በሲንጋፖር ለርዕሰ መምህርነት የሚታጩ ሰዎች በብሔራዊ የትምህርት ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን የስድስት ወር የሙሉ ጊዜ መርሐ ግብር ይወስዳሉ፤ መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ ሲሆን፣ ሠልጣኞቹ ከመደበኛ ሥራቸው ተነሥተው፣ ከራሳቸው ወደተለየ ትምህርት ቤት ተመድበው ወደፊት ሊኖር ስለሚገባው ትምህርት ቤት አንድ የፈጠራ ፕሮጀክት ይሠራሉ፤ ወደ ውጭ አገርም ለጥናት ጉብኝት ይሄዳሉ። በእንግሊዝም የአገር አቀፉ የርዕሰ መምህርነት ብቃት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2021 ማሻሻያ በፊት በነበረው መልኩ፣ ሠልጣኙ ከራሱ የተለየ ሁኔታ ባለበት ሌላ ትምህርት ቤት ቢያንስ 9 ቀን እንዲያሳልፍ ያስገድድ ነበር። 9 ቀን ትንሽ ነው። ቢሆንም የገዛ ትምህርት ቤቱን ልማድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ለሚቆጥር ሰው፣ ሌላ ቤት ገብቶ ነገሩ በሌላ መንገድም እንደሚሠራ ማየቱ ብቻውን ብዙ ያስተምራል።

ምዘናውን በተመለከተ፣ የእኔ መርሐ ግብር የሚጠይቀው ፖርትፎሊዮ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የብቃት መስፈርት ማስረጃ ተያይዞ፣ በማካፈያ ወረቀት ተለይቶ የሚቀርብ ወፍራም ጥራዝ። ማስረጃ የሚባለው ቃለ ጉባኤ፣ ፎቶግራፍ፣ የስብሰባ ጥሪና የዕቅድ ቅጂ ነው። ስብሰባው መደረጉን ያረጋግጣል፤ በስብሰባው ምን እንደተለወጠ አያረጋግጥም። እንግሊዝ አሁን የምትጠቀምበት ሥርዓት ከዚህ ይልቅ አጭርና የሚቆነጥጥ ነው፦ የ18 ወሩ ሥልጠና ሲያበቃ ሠልጣኙ አንድ የትምህርት ቤት ሁኔታ የሚተርክ ጽሑፍ ይሰጠውና በ8 ቀን ውስጥ፣ መጻሕፍቱን እያገላበጠ፣ ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርገው በ1,500 ቃላት ይጽፋል። ይህም ቢሆን የጽሑፍ ችሎታን ከሥራ ችሎታ ጋር ማምታታቱ አይቀርም፤ ግን ቢያንስ አንድ ሰው ተቀምጦ ያነበዋል። የእኔን ጥራዝ ሙሉውን ያነበበው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ የተሰጠኝ አስተያየት ስለ ማውጫው ነበር።

የብቃት ምስክር ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ግዴታ የሰዓት ነው፤ በዚህ ላይ አገሮች በቁጥር ይለያዩ እንጂ በአስተሳሰብ ብዙም አይለያዩም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት አንድ ርዕሰ መምህር ፈቃዱን ለማደስ በአምስት ዓመት 200 ሰዓት ይጠየቃል፤ በፔንሲልቬንያ በተመሳሳይ ጊዜ 180 ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፉ ለመምህራንም ለትምህርት ቤት አመራሮችም ያስቀመጠው በዓመት 60 ሰዓት ነው፤ በአምስት ዓመት ቢሰላ 300 ይደርሳል፣ ከሁለቱም ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ በሰዓት ብዛት ቢሆን ኖሮ ደረጃው ከወዲሁ በታወቀ። ሰዓት ለመቁጠር የሚመች በመሆኑ ነው የሚቆጠረው፤ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ንግግር ሲደረግ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኢሜይል የሚመልሰውም፣ ከአንድ ጀማሪ መምህር ጋር ተከታታይ ምልከታ ያደረገውም፣ በመዝገቡ ላይ እኩል ናቸው። እንዲያውም ሁለተኛው መቆጣጠሪያ ላይ የሚፈርምበት ቦታ ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይመዘገብለትም።

በእድሳት ዘመኔ የጠቀመኝ አንድ ነገር ቢኖር በአካባቢያችን ያለን ጥቂት ርዕሳነ መምህራን በየተራ በየትምህርት ቤታችን እየተገናኘን የምናካሂደው ጉብኝት ነው። አስተናጋጁ የሚያስጨንቀውን አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ለምሳሌ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ለምን ቡድን ሥራ ላይ ዝም እንደሚሉ። እኛ ክፍሎች እየገባን ያየነውን ብቻ እንጽፋለን፣ ከዚያ ማስታወሻችንን ግድግዳ ላይ ለጥፈን አብረን እናነባለን። ፍርድ የሚሰጥ ሰው በትሕትና ይታረማል። ይህን ልምድ ከዚያችው የምልከታ አሠልጣኝ ነው የተማርነው። ለሰዓት እንዲቆጠርልን ለማድረግ ግን የጉብኝቱን ዓላማ፣ መርሐ ግብርና የተሳታፊዎች ፊርማ አባሪ አድርገን ማመልከት አስፈልጎናል፤ ግማሹን ብቻ ቆጠሩልን።

ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ፍሬ አለው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አለው ነው፤ ነገር ግን ሥልጠናው ብቻውን ሲቆም አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 ዋላስ ፋውንዴሽን የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት በስድስት ትልልቅ የትምህርት አውራጃዎች፣ ኒው ዮርክና ዴንቨርን ጨምሮ፣ የደገፈው ሥራ በዚህ ረገድ ግሩም ምስክር ነው። አውራጃዎቹ አንድ ነገር አይደለም የሠሩት፦ ርዕሰ መምህር ምን መቻል እንዳለበት በግልጽ ጻፉ፣ የቅድመ ሥራ ሥልጠናውን በዚያው ልክ አስተካከሉ፣ ምልመላውን አጠበቁ፣ ከተመደቡም በኋላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አማካሪ እየመደቡ ደገፉ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ፣ በነዚያ አውራጃዎች አዲስ ርዕሰ መምህር ያገኙ ትምህርት ቤቶች ከሌሎች ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ጋር ሲነጻጸሩ በንባብ በ6.22፣ በሒሳብ በ2.87 የመቶኛ ደረጃ እንደበለጡ አሳይቷል፤ ወጪውም በአንድ ተማሪ በዓመት 42 ዶላር ገደማ ነበር። ከትምህርት ወጪ አንጻር ይህ ምንም ማለት አይደለም። በአንጻሩ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ያስተዋወቀችውንና ደረጃ በደረጃ አስገዳጅ ያደረገችውን የብቃት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2012 ግዴታነቱን አንሥታ በፈቃደኝነት የሚወሰድ አድርጋዋለች። በእኔ አስተያየት ግዴታን ማንሣት ችግሩን አይፈታም፤ ሥልጠናው ከምልመላና ከድጋፍ ጋር ካልተሳሰረ ግን ግዴታ ማድረጉም ብዙ እንደማያስገኝ አምናለሁ።

ምልመላን ካነሣሁ፣ በእኔ ዙር አመልካቹ የሚጠየቀው የአገልግሎት ዘመን፣ ዲግሪና የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ማንም መጥቶ ስናስተምር አላየንም፤ ሌላ መምህር ስንረዳም እንዲሁ። ክፍያው ተሟልቶ ወረቀቱ ከተሟላ በር ክፍት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ከሠልጣኞቹ መካከል ርዕሰ መምህር የመሆን ሐሳብ የሌላቸው፣ ለደረጃ ዕድገት ነጥብ ብቻ የመጡ በርካታ የነበሩት፤ እነሱን አልወቅሳቸውም፣ መመሪያው ነው ነጥቡን የሰጣቸው። በውይይቱ ላይ ግን ይታወቃል።

ስለዚህ በጥቅሉ የሕጉንና የምልከታውን ክፍል ከፍተኛ፣ የበጀቱንና የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ጥሩ፣ የንድፈ ሐሳቡን ዝቅተኛ፣ የልምምዱን አያያዝ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ለመመዝገብ የምታስቡ ምክትል ርዕሳነ መምህራን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ተቋሙን አራት ነገር ብትጠይቁ ጥሩ ነው። ከጠቅላላው ሰዓት ምን ያህሉ ሌላ ሰው እያየ እናንተ የምትሠሩበት ነው? በልምምዱ የሚቀበላችሁ ርዕሰ መምህር ለዚሁ ሥልጠና ወስዷል ወይ፣ የተቀነሰለትስ ሥራ አለ? ተቆጣጣሪው ሲመጣ ምን ያያል? በልምምድ ላይ ሳላችሁ የእናንተን ክፍለ ጊዜ ማን ያስተምራል? የመጨረሻውን በተለይ በጽሑፍ አስመልሱ፤ በእኔ ዙር መልሱ የተገኘው ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ ሲሆን፣ ክፍለ ጊዜዎቼ የተሸፈኑት ቀድሞም ሙሉ ክፍለ ጊዜ በያዙ ባልደረቦቼ ትከሻ ላይ ነበር።